የባሕር ዳርቻ ጉድጓድ ውኃ ለመጠጥ መብቃቱ እንዴት ይመዘናል?

የጅቡቲ ከተማ ነዋሪዎች ለረጅም ዘመን የጠጡት በዋናነት ከእሳተ ገሞራ ዓለት ሥር የሚሳበውን የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ዝናብ እጅግ በሚያንስበት በዚያ ምድር ከሚተካው በላይ ሲቀዳ የባሕሩ ውኃ ወደ ጉድጓዶቹ ተጠጋ፤ ጨዋማነታቸውም ጨመረ። በ2009 ዓ.ም ከሶማሌ ክልል የሃዳጋላ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶች ወደ ጅቡቲ ውኃ የሚያደርስ መሥመር የተዘረጋውም በዚሁ እጥረት ሳቢያ ነው።

ጣፋጭ ውኃ ከባሕር ውኃ ስለሚቀልል ከምድር በታች በጨዋማው ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። በባለሙያዎች ስሌት መሠረት ከባሕር ወለል በላይ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ጣፋጭ ውኃ፣ ከወለሉ በታች 40 ሜትር ያህል ጣፋጭ ውኃ ይኖራል። በተቃራኒው የጉድጓዱ ውኃ በ1 ሜትር በዘላቂነት ዝቅ ቢል ጨዋማው ውኃ ውሎ አድሮ ወደ 40 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ጉዳቱም ቶሎ አይታይም፤ ከታየ በኋላም ለመመለስ ዓመታት ይፈጃል።

የጨዋማነት ዋና መለኪያ ክሎራይድ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 19 ሺህ ሚሊ ግራም ያህል ክሎራይድ ይገኛል። በጉድጓድ ውኃ ውስጥ 2 በመቶ ብቻ የባሕር ውኃ ቢቀላቀል ከ380 ሚሊ ግራም በላይ ይሆናል፤ ጣዕሙ መታወቅ የሚጀምረው ግን 250 አካባቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎራይድ በጤና ላይ የተመሠረተ ገደብ አላስቀመጠም። ይህ ማለት ግን ጨው እንዲቀንስ ሐኪም ያዘዘው የደም ግፊት ሕመምተኛ ከውኃው የሚያገኘው ሶዲየም አያሳስበውም ማለት አይደለም።

ምላስ የሚያውቀው ጨውን ብቻ ነው። ከመጸዳጃ ቤትና ከማዳበሪያ የሚሰርገው ናይትሬት ቀለምም ጣዕምም የለውም፤ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም ሲያልፍ በተለይ በጡጦ ለሚመገቡ ጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድም እንዲሁ በጣዕም አይለይም። የሰገራ ብክለትን የሚያመለክተው ኢ-ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር ናሙና ውስጥ ጨርሶ መገኘት የለበትም። ውኃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ጨውንና ናይትሬትን ግን አያስወግድም፣ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር መጠናቸው በሊትር ይጨምራል።

ናሙና የሚወሰደው በቱቦው ውስጥ የቆየው ውኃ ተቀድቶ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ለተሕዋስያን ምርመራ የሚሆነው ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ በቅዝቃዜ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት። የዝናብ ማግሥት ውጤትና የበጋው ውጤት ስለሚለያዩ አንድ ናሙና ለፍርድ አይበቃም። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚደረግ ውድ ምርመራ ይልቅ የውኃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም በእጅ በሚያዝ መሣሪያ በየወሩ ለክቶ መመዝገብ የባሕሩን መምጣት ቀድሞ ይናገራል።

ንባቡ ከወር ወር ከፍ ካለ መፍትሔው ጉድጓዱን ማጥለቅ አይደለም። በደጋው ውኃ ሲጠፋ ጠለቅ አድርጎ መቆፈር የተለመደ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ግን ጥልቀቱ ወደ ጨዋማው ውኃ ያቀርባል። እዚያ የሚበጀው የሚሳበውን መጠን ቀንሶ፣ ከባሕሩ ራቅ ብለው ከተበታተኑ፣ ብዙ ካልጠለቁ ጉድጓዶች በጥቂት በጥቂቱ መቅዳት ነው።