ከቀለሙ ሥር ያለው ታሪክ፤ በጅማ አካባቢ የታደሰ ላንድ ሮቨር ስለ መመዘን

እንደሚታወቀው የአንድ አገር የመንገድ ታሪክ የሚጻፈው በመንገዱ ርዝመትና በድልድዮቹ ብዛት ነው። በመንገዱ ላይ ሲመላለሱ የኖሩት ተሽከርካሪዎች ግን እንደ ታሪክ ሰነድ የሚታዩበት ጊዜ እምብዛም ነው። ይህ ጸሐፊ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች በሥራ በቆየባቸው ዓመታት፣ ለሽያጭ የታደሱ አሮጌ መኪኖችን እንዲመረምር በተደጋጋሚ ተጠይቋል። ከእነዚህ አንዱ፣ በአጋሮ የአንድ ቡና ነጋዴ ቤተሰብ ንብረት የሆነው ባለ 109 ኢንች ላንድ ሮቨር፣ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው። ገዢው ከውጭ አገር የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ሲሆን ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም «መኪናው ኦሪጂናል ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነው።

ጥያቄው ከወዴት እንደ መጣ መረዳት አያስቸግርም። በአሜሪካ የ1964 ሞዴል ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ.ንና እርሱን የተከተሉትን ባለ ትልቅ ሞተር መኪኖች የሚገበያዩ ሰዎች፣ የሞተሩ ቁጥር ከፋብሪካ ከወጣበት አካል ጋር መስማማቱን አስቀድመው ይመረምራሉ። ሞተሩ የተለወጠ ከሆነ ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል። ሆኖም ይህ ሚዛን የተበጀው መለዋወጫ እንደ ልብ በሚገኝበትና መኪናው ለእሑድ ሽርሽር በሚወጣበት አገር ነው።

የእኛው መኪና ታሪክ ሌላ ነው። ላንድ ሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ላይ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለነበረ፣ አካሉ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ሸክሙን የሚሸከመው ሻንሲ ግን ከብረት ላሜራ ተበይዶ እንደ ሳጥን የተዘጋ ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1958 ሁለተኛው ሲሪስ፣ በ1961 «ሁለት ኤ» የተባለው፣ በ1971 ደግሞ ሦስተኛው ሲሪስ ተከታተሉ።

በአገራችን በኩል፣ በወረራው ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ወደ ጅማ የመኪና መንገድ ዘርግተው ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላም ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር ዋና ዋና መንገዶች ይጠገኑ ጀመር። ነገር ግን ከአውራ ጎዳናው ተገንጥሎ ወደ ሊሙ ወይም ወደ ጌራ የቡና ቀበሌዎች ለሚገባ ሰው፣ የክረምቱን ጭቃ የሚወጣለት አራቱም ጎማ የሚገፋ መኪና ብቻ ነበር። መኪናው ሲሰበር የሚጠግነውም ጋራዥ ቋንቋውን ከጣሊያን የወረሰ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ የሚሉት ቃላት ለዚህ ምስክር ናቸው። እንግሊዝ የሠራውን መኪና ኢትዮጵያዊ እጅ በጣሊያን ቃል ጠገነው ማለት ይቻላል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የውጭ ምንዛሪ እጥረት በበረታ ጊዜ ደግሞ፣ ያልተገኘው መለዋወጫ ከሌላ መኪና ተነቅሎ ይገጠም ወይም በእጅ ይሠራ ነበር።

ወደ ምርመራው እንመለስ። በሊብሬው ላይ የተጻፈው ዘመን 1957 ዓ.ም. ነው። ይህም አገራችን በሰኔ 1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ከተዛወረች በኋላ መሆኑ ነው፤ መሪውም በግራ በኩል ነው። በሻንሲው ላይ የታተመው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይስማማል። የፊት መብራቶቹ እንደ ዘመኑ አሠራር ወደ መካከል የተጠጉ እንጂ በፓራፋንጎዎቹ ላይ የተተከሉ አይደሉም። ካምቢዮው ግን ፍሪሲዮን ሁለቴ ሳይረገጥ ያለ ድምፅ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይወርዳል። በሁለተኛው ሲሪስ ሲንክሮናይዘር ያላቸው ሦስተኛና አራተኛ ማርሾች ብቻ ስለሆኑ፣ ካምቢዮው ከሦስተኛው ሲሪስ የመጣ ነው። ማግኔት ሲቀርብለት የቀኝ በሩ ገጽ ሳበው። አሉሚኒየም ማግኔት አይስብምና፣ ይህ በር የአገር ውስጥ ባትላሜራ ከብረት የቀረጸው ነው። እንግዲህ በገዢው ሚዛን መኪናው ኦሪጂናል አይደለም።

ዋናው ጉዳይ የተገኘው ግን ከሥር ነው። የላንድ ሮቨር ሻንሲ የሚዝገው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ በተዘጋው ሳጥን ውስጥ የገባ ጭቃና ውሃ መውጫ አጥቶ ብረቱን ሲበላ፣ ላዩ ቀለም ተቀብቶ ደህና ይመስላል። ስለዚህ መመርመሪያው ዓይን ሳይሆን መዶሻ ነው። በግራ በኩል አንድ አሮጌ ብየዳ ነበር፤ ወፍራም፣ ሸካራ፣ ለማንም የሚታይ። ሲመታ እንደ ደወል ጮኸ። በቀኝ በኩል፣ ከኋላው ባሌስትራ መያዣ አጠገብ፣ ምንም ጠባሳ አይታይም፤ ለስላሳ ጥቁር ቀለም ብቻ ነው። ሲመታ ግን ድምፁ የታፈነ ሆነ፤ ሁለተኛውም ምት ቀለሙን ሰነጠቀው። ዝገቱ ሳይቆረጥ ስስ ላሜራ ተለጥፎበት፣ በላዩ ስቱኮ ተለስኖ ኖሯል። ይህ የተሠራው ለሽያጩ ሲባል በቅርቡ ነው። ባሌስትራው በቁልቁለት ላይ፣ ሰው ተሳፍሮበት ቢላቀቅ የሚሆነውን ለባልደረቦቼ መዘርዘር አያስፈልግም።

ከዚህ የምንረዳው፣ የሚታየው ጥገና መኪናውን ለብዙ ዓመታት ሲያቆመው፣ የማይታየው እድሳት ግን ሊጥለው መቃረቡን ነው። የቀድሞው በያጅ ሥራውን አልደበቀም፤ የሚደበቅ ነገር አልነበረውምና። ስለሆነም ለገዢው የተሰጠው የጽሑፍ መልስ «ኦሪጂናል ነው» ወይም «አይደለም» የሚል አልነበረም። ምን፣ በምን ተተካ፤ የትኛው ሸክም ይችላል፤ የትኛው አይችልም የሚል ዝርዝር ነበር። ከሻጮቹ አንዱ፣ በዕድሜ የገፉት የቤቱ ታላቅ፣ ዝርዝሩን ካነበቡ በኋላ «ልጄ፣ በሩንስ አባቴ ሲያሠሩት አይቻለሁ፤ ይህን የኋላውን ግን እኛም አላወቅንም» አሉ። ቤተሰቡ ልጥፉን አስከፍቶ፣ ዝገቱን አስቆርጦ፣ በወፍራም ብረት እንደገና አስበየደ። መኪናው ከታሰበው ባነሰ ዋጋ ቢሸጥም ዝርዝሩ ከሊብሬው ጋር ተያይዞ ለገዢው ተላልፏል። የብረቱም በር እንዳለ ቀርቷል።

ጉዳዩ የአንድ መኪና ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወስኗል። በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና በተወደደ መጠን፣ ጉድለትን በቀለም የመሸፈን ፈተናም አብሮ ማደጉ አይቀርም። በመሆኑም እኛ የሙያው ሰዎች በመረመርነው መኪና ሁሉ የጥገናውን ታሪክ በጽሑፍ ብንተው፣ የገዢውን ሕይወት እንጠብቃለን፤ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ የጅማና የአጋሮ መካኒኮችንም ሥራ ከቀለም በታች ተቀብሮ እንዳይቀር እናደርጋለን።