የሕፃን ሣጥንና የመንግሥት አዋጅ

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች መለወጣቸው ሲነገር ጎንደር፣ እህቴ ቤት ነበርኩ። እንቁጣጣሽ ካለፈ ገና ሦስት ቀኑ ነው። የእህቴ ልጅ የሣላትን አበባ ለጎረቤት አዙሮ ያገኘውን አሥር አሥር ብር በእንጨት ሣጥኑ ቀዳዳ አስገብቶ ጨርሷል። ሣጥኗ መክፈቻ የላትም፤ ካልተሰበረች አትከፈትም፤ ጥበቧም ይኸው ነው።

«ለምን ትሰበራለች?» አለኝ። አሥር፣ ሃምሳና መቶ ብሮች በሦስት ወር ውስጥ ባንክ ሄደው ካልተለወጡ ዋጋ እንደሚያጡ አስረዳሁት።

«እኔ እኮ ምንም አላጠፋሁም!»

መልስ አጣሁ። ልጅን ቆጥብ፣ ቆጥብ እንላለን እንጂ ያጠራቀመው ወረቀት የሚያድረው በመንግሥት ቃል መሆኑን መች ነግረነው እናውቃለን?

የወገራ ባላገር ይህ ጭንቀት አልነበረበትም። ሣጥኑ መሬት፣ ገንዘቡ ማርትሬዛ ነበር። ብሩን በማሰሮ ከትቶ ይቀብራል። የኦስትሪያዪቱ ንግሥት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ከሞተች በኋላም ብሯ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲቀረጽ ኖሯል። የእኛ ሰው የንግሥቲቱን ጌጥ ፈርጥ ቆጥሮ ካልተሟላለት አይቀበልም። ቢቸግር ቀልጦ መስቀል ይሆናል፤ ብር ነዋ! ጣሊያን ሊሬውን ሊያስለምድ ቢሞክር ሰዉ እምቢ ስላለው፣ ያንኑ ማርትሬዛ ሮም ላይ እስከ ማስቀረጽ ደርሷል።

ጎንደር ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ፣ ከእንግሊዞች ጋር የመጣው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአገሩ ይዘዋወር ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ሁለት ሽልንግ ተተመነ። እኔ በልጅነቴ ሆያ ሆዬ ብዬ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ አጠራቅመው የነበረው ሃምሳ ሳንቲም «ሽልንግ» የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሽልንጉ ከሄደ በኋላ ስሙ ቆርቆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር ማለት ነው።

ደርግ በ1969 ዓ.ም. የጃንሆይ ምስል ያለበትን ኖት ሲለውጥ ግን ማሰሮ አላዳነም። የተቀበረ ወረቀት ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ወረቀት ብቻ ነው።

ሣጥኗን በዘነዘና ሰበርናት። ልጁ ቆሞ ሲያይ አላለቀሰም፤ ኖቶቹን በአንድ ወገን፣ ሳንቲሞቹን በሌላ ወገን ለየ። ሳንቲም በአዋጁ እንዳልተነካ ነግሬው ነበርና። እናቱ ባንክ ወስዳ ለውጣ ያመጣችለትን አዲስ አሥር ብር ሁሉ፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ሳንቲም በሆነው አንድ ብር ካልዘረዘራችሁልኝ ብሎ ባለሱቁን አስቸገረ። አዲስ ሣጥን ተገዝቶለታል። ጎንደር በሄድኩ ቁጥር ኪሴን ይፈትሻል፤ ኖት ከሆነ ይመልስልኛል።