ቤተ መንግሥቱ የጠፋ መናገሻ፦ የደብረ ታቦርን ታሪክ ለእንግዳ ስለማሳየት



በዛሬው ገለጻዬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። የነገሥታት መቀመጫ ሆና ሳለ የነገሥታቱ ሕንፃ ያልቀረላት ከተማ ለእንግዳ ምን ታሳያለች? ጥያቄው የአስጎብኚዎች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የታሪክ ጥያቄ ነው። የጉብኝት መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው ካለፈው ዘመን የቱ እንደሚነገርና የቱ እንደሚታለፍ ይወስናልና።

ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በየጁው ራስ ጉግሣ ተቆረቆረች። ትንሹ ራስ ዐሊ በ1845 ዓ.ም አይሻል ላይ ድል እስኪሆኑ ድረስ የተቀመጡባት፣ ከእሳቸው በኋላ ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ያደረጓት ከተማ ናት። አፄ ዮሐንስ የግብፁን ከዲቭ መልእክተኛ ጎርደንን በጥቅምት 1872 ዓ.ም የተቀበሉት እዚሁ ነው። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት በአብዛኛው ድንኳን፣ እንጨትና ሣር ነበር። አፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዋን አቃጥለው ነው የሄዱት። ጎንደር እንግዳዋን በድንጋይ ትቀበላለች፤ ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እኛ በዚያ መንገድ ከጎንደር ጋር ልንፎካከር አንችልም፤ ሊያስፈልገንም አይገባም።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ጃፓን ልውሰዳችሁ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም ያችን አገር ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ካሳተሙ ወዲህ፣ ጃፓንን እንደ መስተዋት መመልከት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የያኔዎቹ ምሁራን ይበልጥ ያዩት የዘመናዊነቷን ጉዞ ነበር፤ እኔ ግን የምመለከተው በዓሏን ነው። ኪዮቶ እ.ኤ.አ. ከ794 ጀምሮ ከሺህ ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ነበረች። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት በ1868 የሜጂ ለውጥ መጣ፤ በማግሥቱ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫቸውን ወደ ቶኪዮ አዛወሩ። ኪዮቶ ግን ተቀምጣ አላለቀሰችም። በ1872 ዐውደ ርእይ ከፈተች፤ በ1895 የተቆረቆረችበትን 1100ኛ ዓመት ምክንያት አድርጋ ነዋሪዎቿ የየዘመኑን ልብስ ለብሰው የሚሰለፉበትን በዓል ጀመረች። ይህ በዓል በዚያ ዓመት የተፈጠረ መሆኑን ማንም አይደብቅም። አዲስ ትርኢት መፍጠር ነውር አይደለም፤ አዲሱን ጥንታዊ ነው ብሎ መሸጥ ግን ነውር ነው።

ከዚህ የሚልቀው ሌላው በዓል ነው። በሐምሌ ወር የሚከበረው የግዮን በዓል ስሙ ለጆሯችን እንደ ዐባይ ቢሰማም ዝምድና የላቸውም። መነሻው በ869 ስለ ወረርሽኝ የተደረገ ምልጃ ነው። በሰልፉ የሚጎተቱትን ታላላቅ ሠረገላዎች የሚጠብቁትና የሚጠግኑት የየሰፈሩ ሰዎች ናቸው። እንግዳው ያያል፤ የበዓሉ ባለቤት ግን ሰፈሩ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ቡሄ እንመለስ። የከተማችን ስም ከበዓሉ ጋር አንድ ነው፤ ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል ነው። በዋዜማው ችቦ ይበራል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ልጆች በየደጁ ሆያ ሆዬ ይላሉ። ሆያ ሆዬ ተመልካች የለውም፤ ያለው ሰጪና መራቂ ነው። ደጅ፣ የቤት ባለቤትና ሙልሙል ከሌሉ ዜማው ብቻ ይቀራል። በድምፅ ማጉያ መድረክ ላይ ብናወጣው፣ ለማሳየት ስንል የምናሳየውን እናጠፋለን። ስለዚህ የምመክረው እንግዳው ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ ነው። በዋዜማው በፈቃደኛ ቤተሰብ ቤት ይስተናገድ፤ ሙልሙሉን ይዞ ደጅ ላይ ይቁም፤ ልጆቹ ይመርቁት። ዕቅድ አውጪ ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፤ ወቅቱ ክረምት ስለሆነ ጉና ተራራን ለመውጣት አይመችም፣ ጾመ ፍልሰታ ስለሆነም ገበታው የጾም ነው። የተራራው ጉዞ ለጥቅምትና ለኅዳር ይቆይ።

ሁለተኛው ሀብታችን መንገድ ነው። የሴባስቶፖል ቅጂ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል፤ ራሱ መቅደላ ላይ ነው። የተሠራው ግን በ1859 ዓ.ም እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ፣ በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና በአገሬው ሠራተኞች እጅ ነው። በጋይንትና በደላንታ አድርጎ፣ በሽሎን ተሻግሮ መጋቢት 1860 ዓ.ም መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጅቷል። በሰው ጉልበት የተጎተተበት ያ መንገድ ራሱ ሐውልት ነው። ሆኖም ጋፋት ላይ የሚቆም አስጎብኚ የብረት ማቅለጫውን ተናግሮ የተቃጠለችውን ከተማና የተዘረፈውን የበጌምድር ገበሬ ዝም ካለ፣ የተናገረው ግማሽ ታሪክ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ቤቶቻችን ናቸው። የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከክቡ የሣር ክዳን ሥር ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ ይዛለች፤ ከውጭ ብቻ አይቶ የሚመለስ እንግዳ አያገኛትም። በእነዚህ ቦታዎች ሰዓቱን መወሰን ያለበት የኔታ እንጂ የጉዞ ድርጅት አይደለም። ቀለም በሚቀጸልበት ሰዓት ካሜራ አይግባ፤ ከጉብኝቱ የሚገኘውም ገንዘብ በቅድሚያ ለተማሪው ቀለብ ይዋል።

ኪዮቶም የምታስጠነቅቀን አላት። በ2024 የግዮን ሰፈር ነዋሪዎች ጎብኚ እንዳይገባባቸው አንዳንድ የግል መተላለፊያዎችን እስከ መዝጋት ደርሰዋል። ገደቡን የሚያበጀው እንግዳው ከመምጣቱ በፊት መሆን ነበረበት።

ክልላችን ዛሬ ባለበት የጸጥታ ሁኔታ ስለ እንግዳ ማውራት ቅንጦት የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን እንግዳ የማይመጣበት ጊዜ ደንብ ለማውጣት የሚመች ጊዜ ነው እላለሁ። ሰላም ሲወርድ ገንዘብ ያለው ቀድሞ ይደርሳል፤ መድረኩንም፣ ድምፅ ማጉያውንም ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ «ይህ በዓል የእኛ ነው፣ አከባበሩም እንዲህ ነው» የሚል የተጻፈ ቃል በየሰፈሩና በየደብሩ መገኘት አለበት። እናንተ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትመርጡ፣ የአንድን ሰፈር የቡሄ አከባበር ከሽማግሌዎቹ አፍ መዝግቡ። የከተማዋ መርሐ ግብር የሚጀምረው ከዚያ ነው።