የመነጽር ስሞች በእስፓኝኛና በአማርኛ

ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው የ1969–70 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትና ወጣቶች ለትምህርት ወደ ኩባ፣ ብዙዎቹም «የወጣቶች ደሴት» ወደምትባለው ስፍራ መላካቸው ይታወሳል። ተማሪዎቹ ይዘውት የተመለሱት እስፓኝኛ የማድሪድ ሳይሆን የኩባ ነው። ልዩነቱም በዕለት ተዕለት ዕቃ ስም ሳይቀር ይታያል፤ ለዚህ መነጽር ጥሩ ምሳሌ ነው።

በስፔን መነጽር «ጋፋስ» ይባላል፤ ቃሉ በጥንቱ ፍቺ መንጠቆ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የመጣው ከጆሮ ኋላ ከሚያዘው ክንድ ነው። በብዙው የላቲን አሜሪካ ክፍል «አንቴኦሆስ» ወይም «ሌንቴስ» ይሰማል። የመጀመሪያው «ከዓይን ፊት» እንደ ማለት ነው፤ የሁለተኛው ሥር ግን የላቲኑ ምስር ነው፣ የመስተዋቱ ቅርጽ የምስርን ፍሬ ስለሚመስል። ኩባ ለዕይታ የሚታዘዘውን «ኤስፔሁዌሎስ» ትለዋለች፤ «ጋፋስ»ን ለፀሐይ መነጽር ትተዋለች። «ኤስፔሆ» መስታወት ነውና፣ በሥርወ ቃል ብቻ የሚመራ ተርጓሚ በሐኪም ማዘዣ ላይ ያገኘውን «ትንንሽ መስታወቶች» ብሎ ሊያሳስት ይችላል። ቃሉ በብዙ ቁጥር ስለሚነገርም አንዱን መነጽር «መነጽሮች» ማለት ሌላው ወጥመድ ነው።

የእኛው ቃል የተገኘው በሌላ መንገድ ነው። ሥሩ ግእዙ «ነጸረ»፣ ማለትም ተመለከተ ሲሆን፣ «መ» መሣሪያነትን ያመለክታል፤ «አንጻር» እና «አነጻጸረ» የዚሁ ዘር ናቸው። ዕቃውን በቅርጹ ሳይሆን በሥራው ስለሚጠራው፣ ቅጽል ብቻ እየተጨመረለት ለፀሐይም፣ ለንባብም፣ ሩቅ ለማየትም ያገለግላል። በአሰያየም ረገድ አማርኛው ከአራቱም የእስፓኝኛ ስሞች የተሻለ ይመስለናል።

የቦታ ልዩነት ግን እኛም ዘንድ አለ፤ እርሱም በድምፅ ነው። በአንዳንድ አካባቢዎች ፀሐይ «ጠሐይ» እንደምትባል ሁሉ መነጽርም «መነጥር» ይባላል። ይህን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ከመዝገበ ቃላት ማስቀረት ተገቢ አይደለም፤ ወደ «መነጽር» የሚመራ የራሱ መግቢያ ሊኖረው ይገባል።

የአማርኛ–እስፓኝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅም ከ«መነጽር» ትይዩ «ጋፋስ»ን ብቻ ቢያሰፍር፣ ሃቫና የተማረው ሐኪም የፀሐይ መነጽር ነው ብሎ ይረዳዋል። ስለሆነም አራቱም አቻዎች ይግቡ፤ ከየቃሉም ጎን የሚነገርበት አገር ይመልከት።