ለካንሰር አምጪ ኬሚካል «አስጊ ያልሆነ» ልክ ማን ይወስናል? የቤንዜን ክስ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1948 የአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያዎች ማኅበር የሆነው አሜሪካን ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ስለ ቤንዜን አንድ የጤና ሰነድ አወጣ። ፍጹም አያሰጋም የሚባለው የቤንዜን መጠን ዜሮ ብቻ እንደሆነ በሰነዱ ላይ ሰፍሯል። ከ30 ዓመት በኋላ መንግሥት የሥራ ቦታውን ልክ ዝቅ ሲያደርግ፣ ከሳሽ ሆኖ ፍርድ ቤት የቆመው ይኸው ማኅበር ነው።

ቤንዜን መኪና የሚሞላው ቤንዚን አይደለም፤ ግን ቤንዚን ውስጥ አለ። ጎማና ሙጫ ለማሟሟትም ለረጅም ዘመን አገልግሏል። በ1971 የአሜሪካ ሕግ በሥራ ቦታ የፈቀደው በአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ 10 እጅ ነበር። በ1977 ግን በኦሃዮ ፕሊዮፊልም የተባለውን የጎማ መጠቅለያ ሲሠሩ ቤንዜን ሲተነፍሱ የኖሩ ሠራተኞች ጥናት ታተመ። በደም ካንሰር የሞቱት ከሚጠበቀው ቢያንስ 5 እጥፍ ነበሩ። የሠራተኞች ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ (ኦሻ) ልኩን ወደ 1 አወረደው።

ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በሐምሌ 1980 ደንቡ 5 ለ4 ድምፅ ተሻረ። ዋናውን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ስቲቨንስ፣ መሥሪያ ቤቱ በ10 ልክ «ጉልህ አደጋ» መኖሩን አስቀድሞ ማሳየት ነበረበት አሉ። ጉልህ ምን ያህል ነው? ከቢሊዮን አንድ ሰው የሚገድል ጉልህ አይባልም፤ ከሺህ አንድ የሚገድል ግን ሊባል ይችላል። ዳኛ ማርሻል አጥብቀው ተቃወሙ። በእርግጥም የማስረዳት ሸክሙ የወደቀው በኬሚካሉ ላይ ሳይሆን በሠራተኛው ሳንባ ላይ ነበር።

ማስረጃ ሲሰበሰብ ሰባት ዓመት አለፈ። በ1987 ኦሻ ስሌቱን ይዞ ቀረበ፦ ዕድሜ ልኩን በ10 ልክ ከሚሠራ 1,000 ሰው 95ቱ በደም ካንሰር ይሞታሉ፤ በ1 ልክ ደግሞ 10። ደንቡ ዳግም 1 ሆኖ ጸደቀ። ማለትም አዲሱ ልክ ራሱ ዳኛው ጉልህ ካሉት አደጋ 10 እጥፍ ነበር! ከዚያ በታች ማውረድ ለኢንዱስትሪው አይቻልም ተብሎ እዚያ ቆመ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ባወጣው መመሪያ ልኩ ከ2026 ጀምሮ 0.2 እንዲሆን ወስኗል። የኦሻ ልክ ግን ከ1987 ወዲህ ከ1 አልወረደም።