የስማርት ስልክ ጥቃቅን አሠራሮች ለአገልግሎት ፈላጊዎች ያላቸው ጠቀሜታ

የመንግሥት አገልግሎቶች ወደ ዲጂታል ሥርዓት እየገቡ በመጡ ቁጥር የአመልካቹ ጉዳይ በወቅቱ መፈጸሙ በእጁ ባለው ስልክ አጠቃቀም ላይ የሚመሠረትበት አጋጣሚ በርክቷል። የፋይዳ መታወቂያ ማረጋገጫ፣ በቴሌብር የሚፈጸም ክፍያና የቀጠሮ መልእክት ሁሉ የሚያልፉት በስልክ ነው። ይሁንና በርካታ አገልግሎት ፈላጊዎች ፊደሉ አልታይ ሲላቸው ወይም ቅጹን መሙላት ሲቸግራቸው ስልካቸውን ከነምስጢር ቁጥሩ ለማያውቁት ሰው ሲሰጡ ይስተዋላል። ከዚህ ስጋት ለመዳን የሚረዱ፣ ብዙዎች ልብ የማይሏቸው ጥቃቅን አሠራሮች በስልኩ ላይ ይገኛሉ። የአንዳንዶቹ ስያሜና መገኛ እንደ ስልኩ ዓይነት ሊለያይ ይችላል።

የፊደል መጠን

በቅድሚያ ሊስተካከል የሚገባው የፊደል መጠን ነው። በ«ቅንብሮች» ውስጥ «ማሳያ» ወይም «ተደራሽነት» በሚለው ሥር ገብቶ የጽሑፉን መጠን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ይህ አሠራር ከላቲን ይልቅ ለግእዝ ፊደል የበለጠ ያስፈልጋል። በግእዝ ፊደል አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ አንዲት ጭረት ወይም ትንሽ ቀለበት ነውና። «ገብረ» እና «ገብሬ» በአነስተኛ ማሳያ ላይ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ በመዝገብ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ስማቸውን ሳያስተውሉ አጽድቀው የሄዱ ሰዎች በኋላ ለማስተካከል የሚገጥማቸው ውጣ ውረድ ፊደሉን ለማጉላት ከሚወስደው ጊዜ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ስምን በላቲን ፊደል የሚጽፉ አመልካቾች ደግሞ የመተየቢያ ሰሌዳውን ራስ-ሰር አራሚ ሊጠነቀቁ ይገባል። አራሚው የኢትዮጵያውያንን ስም እንደ ስህተት ቆጥሮ በሚያውቀው የእንግሊዝኛ ቃል የሚተካበት ጊዜ አለ። ቅጽ በሚሞላበት ወቅት አራሚውን ማጥፋት፣ ከመላክ በፊትም ስሙን ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር ይመከራል። 12 አኃዞች ያሉትን የፋይዳ መለያ ቁጥር በተመለከተም ቁጥሩ በጽሑፍ መልእክት የደረሰ ከሆነ ጣትን በላዩ ላይ ጥቂት በማቆየት መቅዳትና በቅጹ ላይ መለጠፍ በእጅ ከመገልበጥ የተሻለ አስተማማኝ ነው።

ሰዓትና ቀን

አብዛኞቹ ስልኮች የሚያሳዩት ዓለም አቀፉን ሰዓት በመሆኑ ቀጠሮ የሚያልፍባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተባለ ቀጠሮ በስልኩ ማንቂያ ላይ የሚሞላው 9:00 ተብሎ ነው። ስልኩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ማድረግ ስሌቱን ያቀልላል፤ ከዚያ በኋላ በቀን ቀጠሮ ላይ 6 መደመር ብቻ ይበቃል። ከቀኑ 8 ሰዓት 14:00 ይሆናል፤ የጠዋትና የከሰዓት ምልክት መለየትም አያስፈልግም።

የልደት ቀን የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የስልኩ ቀን መምረጫ በተለምዶ የሚከተለው የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ነው። በ1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ይህንኑ ቁጥር እንዳለ ቢያስገባ ዕድሜው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይጨምራል፤ ይህም ከሌሎች ሰነዶቹ ጋር አይጣጣምም። ስለዚህ ቅጹ የትኛውን አቆጣጠር እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ማረጋገጥ የግድ ነው። በብዙ ስልኮች ላይ ወደ ልደት ዓመት ለመድረስ ወራቱን አንድ በአንድ ወደ ኋላ መመለስ አያስፈልግም፤ ከቀን መምረጫው በላይ የተጻፈውን ዓመት ሲነኩት የዓመታት ዝርዝር ይከፈታል።

ሰነድ ማንሣትና በስልክ መደወል

የሰነድ ፎቶግራፍ ከሚደበዝዝባቸው ምክንያቶች አንዱ የማንሻውን ምልክት ለመንካት አውራ ጣት ሲዘረጋ ስልኩ መንቀጥቀጡ ነው። በአብዛኞቹ ስልኮች የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ በካሜራ ጊዜ ማንሻ ሆኖ ስለሚያገለግል ስልኩን በሁለት እጅ አጽንቶ መያዝ ይቻላል። ከዚያ በፊት በማሳያው ላይ የሰነዱን ጽሑፍ መንካት ካሜራው በዚያ ላይ እንዲያተኩር ያደርጋል።

ወደ ጥሪ ማዕከል ደውለው «1ን ይጫኑ» ሲባሉ ማሳያው ጨልሞ የሚቸገሩም አሉ። ይህ የሚሆነው ከማሳያው አናት አካባቢ ያለው ዳሳሽ ፊት ወደ ስልኩ መጠጋቱን ሲለይ ማሳያውን ስለሚያጠፋው ነው። ስልኩን ከጆሮ ሲያርቁት ይበራል። ካልበራ ግን ቆሻሻ ወይም በትክክል ያልተለጠፈ የማሳያ መከላከያ ዳሳሹን ሸፍኖት ሊሆን ይችላል።

የማረጋገጫ ኮድና ሲም ካርድ

ሁሉም ምቾት ጠቃሚ አይደለም። መልእክት ስልኩ ተቆልፎ ሳለ በማሳያው ላይ መነበቡ ምቹ ቢሆንም፣ የአንድ ጊዜ የማረጋገጫ ኮድንም አጠገብ ላለ ሁሉ ይገልጣል። በ«ማሳወቂያዎች» ሥር የመልእክቱ ይዘት በተቆለፈ ማሳያ ላይ እንዳይታይ ማድረግ ይገባል።

የስልኩ መቆለፊያ ሲም ካርዱን አይጠብቅም። ስልኩን የሰረቀ ሰው ካርዱን አውጥቶ በሌላ ስልክ ቢያስገባ የማረጋገጫ ኮዶቹ ለእርሱ ይደርሱታል። ይህን የሚከለክለው በ«ደኅንነት» ሥር የሚገኘው የሲም ካርድ መቆለፊያ ነው። መቆለፊያው ሲበራ የምስጢር ቁጥሩ 3 ጊዜ በስህተት ከገባ ካርዱ ይዘጋል፤ ለመክፈትም ከቴሌኮም ድርጅቱ የሚገኝ ባለ 8 አኃዝ ቁጥር ያስፈልጋል። ይህም ቁጥር 10 ጊዜ ከተሳሳተ ካርዱ ጨርሶ ከአገልግሎት ውጭ ስለሚሆን በግምት መሞከር አይገባም።

*#06# ሲደወል ባለ 15 አኃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር በማሳያው ላይ ይወጣል፤ ሁለት ሲም ካርድ የሚይዙ ስልኮች ሁለት መለያ ቁጥር አላቸው። ስልክ ከተሰረቀ በኋላ ለፖሊስ ማመልከቻ የሚያስፈልገው ይኸው ቁጥር በመሆኑ ከስልኩ ውጭ በወረቀት ተጽፎ መቀመጥ አለበት።