በላዩ አትቅዱበት

ጎፋ ገብርኤል አጠገብ በነበረችው ትንሽ ሙዚቃ ቤቴ ብዙ ዓመት ካሴት ቀድቻለሁ። ባዶ ካሴት ውድ ስለነበር ሰው ያረጀውን ይዞ ይመጣና «በዚህ ላይ ቅዳልኝ» ይላል። የካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉት ሁለት ጥርሶች ከተሰበሩ ቴፑ አልቀዳም ይላል። እኔም ቀዳዳውን በወረቀት እጠቀጥቅና ማጫወቻውንና ቀዩን ቁልፍ አንድ ላይ እጫናለሁ። ጥርሱን የሰበረው ሰው «ይህ አይጥፋ» ማለቱ እንደነበር ያኔ ልብ አላልኩም።

አንድ ቀን አንዲት እናት እንዲህ አስቀድተው ሄዱ፤ ከወር በኋላ ግን ተመለሱ። ካሴቱ ላይ ወንድማቸው ከሱዳን የላከው ድምፅ ነበረበት። በስደት ዘመን ደብዳቤ በካሴት መላክ የተለመደ ነበር፤ ሰላምታው፣ ልቅሶው፣ የሠርግ ምርቃቱ ሁሉ በካሴት ይሄድ ነበር። «ከስሩ ይወጣ ይሆን?» አሉኝ። አልወጣም። እኔ ቀድቼበታለሁ።

የመነኩሲቷን የፒያኖ ተጫዋች የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን «ሱቬኒርስ» የተሰኘ አልበም ስሰማ እኚያ እናት ትዝ አሉኝ። እማሆይን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በፒያኖ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመን ታተመ። የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኤትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ደግሞ በ21ኛው ቅጽ፣ በ2006፣ ለዓለም አስተዋወቃቸው። ሲዘፍኑ ግን ማን ሰምቷቸው ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ደርግ ከተማዋን ጨምድዶ በያዘበት ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ ፊት ተቀምጠው በአማርኛ እየዘፈኑ በተራ ቴፕ ሪከርደር ቀድተዋል። ስቱዲዮ የለም፣ ድምፅ የሚያስተካክል ባለሙያ የለም። ከመስኮቱ ውጪ ወፎች ይንጫጫሉ፣ የፒያኖው ወንበር ይንቋቋል፣ የቴፑ ቁልፍ ሲጫን ድምፁ ይሰማል። ያን የቁልፍ ድምፅ የኔ ጆሮ ወዲያው ለየው፤ ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ዘፈኖቹ ስለ ስደትና ስለ አገር ናፍቆት ናቸው። ካሴቶቹ ሳይታተሙ አርባ ዓመት ያህል ተቀመጡ። እማሆይ በመጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ፤ ሚሲሲፒ ሪከርድስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ «ሱቬኒርስ»ን ያወጣው በዓመቱ፣ በ2024 ነው።

የሸክላው ዘመን ታሪክ ከዚህ ይለያል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ ደፍሮ የራሱን ድርጅት ከፈተ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አሳተመ። እነዚያ በብዛት ስለተባዙ ቢያንስ አንዱ ቅጂ በአንድ ሰው ሳሎን ይገኛል። ለሕዝብ ያልወጣ ካሴት ግን ያለው አንድ ነው። እሱ ላይ ሌላ ከተቀዳበት አለቀ።

ጎፋ የሚገኝበት አካባቢ ስም ራሱ ድምፅን የተሸከመ ነው፤ ንፋስ ስልክ የተባለው እዚህ በነበረው ያለ ሽቦ በሚሠራው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ምክንያት ነው። ግን በንፋስ የሚመጣ ድምፅ የሚቆየው የያዘው ካለ ብቻ ነው። ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ፣ በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይ ስንት ካሴት ተቀምጧል! በገና የሚደረድሩ አያት፣ የሰፈር ባንድ ልምምድ፣ የልጅነት እንጉርጉሮ።

ዛሬ ሥራዬ ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። መጀመሪያ የማየው ጥርሶቹን ነው። ከተሰበሩ ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ፤ ዝም ያለውንም ጭምር። ባለፈው ሳምንት የመጣልኝ ካሴት ሃያ ደቂቃ ሙሉ «ሽ» የሚል የቴፕ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠራርጋ መዝፈን ጀመረች።